የዘይት ምርጫ ለሞተርና ለካምቢዮ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ዘይት ነው፤ ወጥ ስለሚሠራበት ሳይሆን በሞተርና በካምቢዮ ውስጥ ስለሚፈሰው ዘይት ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ይህ የጋራዥ ወሬ ነው፤ ለተማሪ ምን ይረባዋል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በገዛ እጄ የሠራሁት ስሕተት ስለ ሆነ በእርሱ ልጀምር።

አዴት የሚኖር አጎት አለኝ። ከአዴት ባሕር ዳር ሰው በሚያመላልስባት ሚኒባስ ቤተሰቡን ያስተዳድራል፤ የእኔም ደብተርና ልብስ የተገዛው ከእርስዋ ገቢ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስሄድ የካምቢዮው ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት ዘይት አቀረበልን፤ በአንዱ ላይ «ጂ ኤል 4»፣ በሌላው ላይ «ጂ ኤል 5» ተጽፎበታል። አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ የተማርህ ነህ፤ የቱ ይሻላል?» አለኝ። እኔም አምስት ከአራት ይበልጣል ብዬ ሳላመነታ አምስቱን አስገዛሁት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ማርሹ እየከበደ፣ ሲገባም እየጮኸ ሄደ። ዘይቱ ቢቀዳ ቢጫ የነሐስ ብናኝ በውስጡ ያብለጨልጭ ነበር። መኪናዋ ዐሥራ አንድ ቀን ሥራ ፈትታ ቆመች። አጎቴ አልተቈጣኝም። «ልጄ፣ መጽሐፉን አንብበህ ነው የመከርኸኝ ወይስ ቁጥሩን ቈጥረህ?» ብቻ አለኝ። ይህ ቃል ከቍጣ ይልቅ ከበደኝ።

እንግዲህ ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ላስረዳ። የጂ ኤል ቁጥር የሥራ ዓይነት ይነግራል እንጂ የማዕረግ ደረጃ አይደለም። የ5 ዘይት የድኝና የፎስፎረስ ውሑድ በብዛት ስላለበት፣ በዲፈረንሲያል ውስጥ ከብዶ እየተንሸራተተ የሚፋተገውን ጥርስ ይጠብቃል። በብዙ ካምቢዮዎች ውስጥ ግን ማርሹ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን የሚያስተካክሉ የነሐስ ቀለበቶች አሉ። እነዚህ ቀለበቶች የሚሠሩት በመያዝ ነው፤ ዘይቱ ከልክ በላይ ካንሸራተታቸው መያዝ ያቅታቸዋል። አንዳንዱ የድኝ ውሑድም ነሐሱን ይበላዋል። ስለዚህ መጽሐፉ 4 ካለ 4 ነው። ሁለቱንም የሚቀበል ካምቢዮ አለ፤ የሞተር ዘይት የሚጠይቅም አለ፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ የራሱ የተለየ ፈሳሽ አለው።

ወደ ሞተሩ እንሂድ። በጣሳው ላይ «15 ደብልዩ 40» የሚል እናያለን። ይህ የዘይቱን ውፍረት የሚያመለክት ነው። የጎጃም ሰው ማር ያውቃል፤ በማለዳ ብርድ ከማንኪያ አልወርድ የሚለው ማር ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ውኃ ይፈሳል። ዘይትም እንዲሁ ነው። ደብልዩ የክረምት ብርድ ምልክት ናት፤ የፊተኛው ቁጥር በብርድ ያለውን ጠባይ፣ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ይነግራል። 15 ደብልዩ ሞተርን ለማስነሣት የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ነው፤ እንዲህ ያለ ብርድ አዴት ደርሶ አያውቅም። ቢሆንም የፊተኛው ቁጥር ባነሰ መጠን ማለዳ ሞተር ሲነሣ ዘይቱ ፈጥኖ ይደርሳል። የካምቢዮ ዘይት ቁጥር በሌላ ሚዛን የተሰፈረ ስለ ሆነ «80 ደብልዩ 90» ከሞተር 40 እጥፍ ይወፍራል ማለት አይደለም፤ ውፍረታቸው የተቀራረበ ነው።

«ወፍራም ዘይት ሁልጊዜ ይሻላል» የሚል ምክር በየጋራዡ ይሰማል። ያረጀ ሞተር ሲሆን ወፍራም ዘይት ድምፁን ይሸፍን ይሆናል፤ በሽታውን ግን አያድነውም። የዘመኑ ሞተር መተላለፊያው ጠባብ ስለ ሆነ በወፍራም ዘይት ይራባል። በሌላ በኩል ኃይለኛና ቱርቦ ያለው መኪና የሚነዳ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ የሚደገፈውም በስሱ የዘይት ሽፋን ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን ያን ዳገት የወጣ ሹፌር ወዲያው ሞተር ቢያጠፋ፣ ዘይቱ በጋለው ቱርቦ ውስጥ ቆሞ ያርራል። አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ አስነሥቶ ማቆየት ምንም አያስከፍልም።

በከተማችን የሚርመሰመሰው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅም የራሱ ጠባይ አለው። ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ፣ ለአውቶሞቢል ተብሎ የተዘጋጀ አንሸራታች ዘይት ሲገባበት ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ለእርሱ በጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል መፈለግ ነው። ለሌላው «ኤ ፒ አይ» ከሚለው ቀጥሎ ኤስ ፊደል ለቤንዚን፣ ሲ ፊደል ለናፍጣ ሞተር መሆኑን እንወቅ።

ወገኖቼ፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይነዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ እንደ ከለከለ ታውቃላችሁ። እንግዲህ በእጃችን ያለው ሞተር ረዥም ዕድሜ ሊኖረው ይገባል። ይህም የሚሆነው መጽሐፉ ያዘዘውን ዘይት በመግዛት፣ የጣሳው ማሸጊያ አለመነካቱን በማየት፣ ዳገትና አቧራ ለበዛበት መኪና ከተለመደው ጊዜ አስቀድሞ ዘይትና ፊልትሮ በመለወጥ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልበል። ባላገሩ ዘመዳችን ሲጠይቀን የሚያምነን ፊደል ስለ ቈጠርን ነው። የማናውቀውን «ቈይ፣ አንብቤ ልንገርህ» ማለት ውርደት አይደለም። እኔ ያን ቀን ይህን ብል ኖሮ ሚኒባሷ ዐሥራ አንድ ቀን ባልቆመች ነበር።