ቁም ሣጥናችንን ከእርጥበትና ከሻጋታ እንጠብቅ

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን በየቤታችን አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከግድግዳ ጋር አያይዘን ያሠራነው ቁም ሣጥን ሲከፈት ሽታው ያፍናል። ለበዓል የተቀመጠው ነጠላና ጋቢ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ይገኛል። ይባስ ብሎ የመሬት ይዞታ ደብተሩም፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃም እዚያው ነው። ልብስስ ይታጠባል፤ የሻገተ ማስረጃ ግን በምን ይታጠባል?

ብዙ ሰው «ጣሪያው እያፈሰሰ ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ነገር ግን ጣሪያው ደህና ሆኖም ቁም ሣጥኑ ይረጥባል። ምክንያቱ ይኸ ነው፦ አየር በዓይን የማይታይ ውሃ ይሸከማል፤ ሙቅ አየር ብዙ፣ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። ወጥ ሲሠራ፣ ቡና ሲፈላ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ፣ ተኝተን ስንተነፍስም ውሃው አየሩ ውስጥ ይገባል። ያ አየር ቀዝቃዛውን የውጭ ግድግዳ ሲነካ ውሃውን ይለቃል። ማለዳ ከቆርቆሮው ሥር ተንጠልጥሎ የምናየው ጠብታም ከዚሁ የመጣ ነው። በቁም ሣጥኑ ጀርባ ነፋስ ስለማይገባ እርጥበቱ አይደርቅም፤ ሻጋታው ይበቅላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ስናበስል መስኮት እንክፈት። በደንብ ያልደረቀ ልብስ አጣጥፈን አናስገባ።

ሁለተኛ፤ ልብሱን ከጀርባው ግድግዳ አራት ጣት ያህል እናርቀው፤ አንጠቅጥቀው። አናጢው በበሩ ከላይና ከታች ቀዳዳ ያውጣለት። ፀሐይ በወጣ ቁጥር በሩን ወለል አድርገን እንክፈት። አዲስ የሚያሠራም በውጭው ግድግዳ ሳይሆን በሁለት ክፍል መካከል ባለው ላይ ያሠራ።

ሦስተኛ፤ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ አሸንዳውን እንጠግን፤ ቦዩን እንጥረግ፤ ግድግዳ ሥር የተከመረውን አፈር እናንሣ።

አራተኛ፤ የሻገተውን በደረቁ አናራግፍ፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ እንጥረግና እናድርቅ። በረኪና የሚጠቀም ሰው ከአሲድ ጋር ከቶ አይቀላቅል፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ሳይደርቅ ቀለም መቀባትም ሻጋታውን መሸፈን ነው እንጂ ማጥፋት አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ቤቱን ለማድረቅ ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ! ጭሱ ባይታይም፣ ባይሸትም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ነጠላ ይሻግት፤ ሰው ይትረፍ።

ሻጋታ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስም፣ ከሳልና ከሌላም የመተንፈሻ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ሌሊት ሌሊት የሚያስለው ልጅ አልጋው ከየትኛው ግድግዳ ጋር እንደ ተጠጋ እስቲ እንይ።

በመጨረሻም፣ በየሠፈሩ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። ከባድ ሣጥን መጎተት፣ አሸንዳ ላይ መውጣት አይችሉም። ወጣቶች፣ የራሳችሁን ቤት ስትጠግኑ የእነሱንም በር አንኳኩ። ቦዩም ቢሆን አንዱ ጠርጎ ሌላው ከደፈነው ውሃው ተመልሶ ወደሁላችን ግድግዳ ነው።