ሰላዩ የጻፈውን መምህሩ እንዴት ያንብበው?

(በናይሮቢ ከተማ በተደረገ የመምህራን ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ዛሬ ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ነገር ግን ሥሩ ራሱ ውኃ ነው። ይኸውም በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ ጠረፍ ስለሚገኙት የውኃ ጕድጓዶች፥ እነርሱንም እየቈጠሩ ለመንግሥቶቻቸው ስለ ጻፉ የውጭ አገር ሰዎች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ይህች የተሰበሰብንባት ናይሮቢ በ1899 የምድር ባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና ተቈረቈረች። ብዙ ሳይቈይም የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ግዛት መቀመጫ ሆነች፤ ከሰሜኑ ጠረፍ የሚጻፈውም ወሬ ወደ እርስዋ ይላክ ጀመር። ከሞያሌና ከሌሎቹ የጠረፍ ጣቢያዎች የተላኩት መዛግብት ዛሬ በኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተጠብቀው ይገኛሉ። ለታሪክ መምህር ትልቅ ሀብት ናቸው። ነገር ግን ከማንበባችን አስቀድሞ ማን፥ ስለ ምን፥ ለማን እንደ ጻፋቸው መጠየቅ ይገባናል።

በ1891 ዳግማዊ ምኒልክ የግዛታቸውን ወሰን ለኤውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ አስታወቁ። በዚያው ዓመት እንግሊዝና ኢጣልያ የአፍሪካን ቀንድ በወረቀት ላይ ተካፈሉት። በወረቀት የተካፈሉትን ምድር ግን ገና በሚገባ አላወቁትም ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ፥ በ1897፥ በሬኔል ሮድ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ የወዳጅነት ውል ለመዋዋል አዲስ አበባ ገባ። ከሮድ ጋር ከመጡት መኳንንት አንዱ ሬጂናልድ ዊንጌት የግብፅ ጦር የስለላ ክፍል አለቃ ነበር። እንግዳው ከገበታው ሲቀመጥ ዓይኑ ሥራ አልፈታም ማለት ነው።

በደቡብ በኩል የመጣው ወሬ ፈላጊ ግን ተደብቆ አልመጣም። በ1902ና በ1903 አርቺባልድ በተር የተባለ ባለጸጋ በምኒልክ ፈቃድ፥ በራሱም ገንዘብ፥ የቦረናን ምድር አቋርጦ ሄደ። አብሮት የነበረው የመሐንዲስ ጦር መኰንን ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ ምድሩን እየለካ ካርታ አነሣ። የዚያው ጉዞ ባልደረባ የነበረው የግሪክ ተወላጅ ፊሊፕ ዛፊሮም በ1905 የወሰን ተቈጣጣሪ ሆኖ ተሾመ፤ መቀመጫውም ሞያሌ አጠገብ ፎርት ሃሪንግተን የተባለው ጣቢያ ነበር። ከ1914 ጀምሮ ደግሞ አርኖልድ ሆድሰን በደቡብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ በሜጋ ተቀመጠ። ኦሮምኛ ተምሮ፥ በ1922 ከአንድ ባልደረባው ጋር የቋንቋውን ሰዋስው አሳተመ።

እነዚህን የመሰሉ ሰዎች ምን ይጽፉ ነበር? ከጕድጓድ እስከ ጕድጓድ የስንት ሰዓት መንገድ እንደ ሆነ፥ ውኃው ለስንት ከብት እንደሚበቃ፥ የባላባቱን ስም፥ የጠመንጃውን ብዛት፥ የዝናሙን ወራት ይጽፉ ነበር። ይህን ሁሉ የነገራቸውስ ማን ነው? የቦረናና የገብራ እረኛ፥ መንገድ መሪውና አስተርጓሚው ናቸው። የተጠማ መንገደኛ ውኃ የት እንዳለ ቢጠይቅ ማን ይከለክለዋል? «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው፥ በደግነት የተነገረው ቃል በማስታወሻ ደብተር ላይ ሲሰፍር ሌላ ኀይል አገኘ።

ፍሬውም በ1907 ታየ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ወር ኢትዮጵያና እንግሊዝ የተዋዋሉት የወሰን ውል የተመሠረተው በሞድ ቅየሳ ላይ ነበር። እርግጥ ነው፤ ውሉ በመሥመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ነገዶች እንደ ቀድሞው በግጦሹና በጕድጓዱ እንዲጠቀሙ ፈቅዷል። ነገር ግን በ1908ና በ1909 ሜጀር ቻርልስ ግዊን የኢትዮጵያ መልእክተኞች ሳይኖሩ ወሰኑን ሲከልል በአንዳንድ ስፍራ ከውሉ መሥመር ወጣ። የኢትዮጵያ መንግሥትም የግዊንን መሥመር አልተቀበለም። ክርክሩ ነጻ ከወጣችው ኬንያ ጋር በ1970 ውል እስኪፈረም ድረስ ቈየ።

እንግዲህ የእኛ የመምህራን ጕዳይ እዚህ ላይ ይጀምራል። አንድ ቃል ብቻ ለምሳሌ ልጥቀስ። በእንግሊዝ ሹማምንት ጽሑፍ መሣሪያ ይዞ ከኢትዮጵያ በኩል የሚሻገር ዘራፊና ዝሆን አዳኝ፥ ትውልዱ ከየትም ይሁን፥ «ትግሬ» ይባል ነበር። ተማሪ ይህን ሳይመረምር ቢያነብ አንድን ሕዝብ ባልዋለበት ይወቅሳል። እንዲሁም ውሉ በፈቀደለት መንገድ ውኃ ፍለጋ የሄደ እረኛ በሹሙ መዝገብ ወሰን ተላላፊ ተብሎ ሊገኝ ይችላል።

ይሁን እንጂ «የሰላይ ወረቀት ነው» ብለን ብንጥለውም እንሳሳታለን። በወረራና በባሪያ ንግድ የተጎዳው ሕዝብ እሮሮ በእነዚሁ መዛግብት ውስጥ ይገኛል። ክብራችንን ይነካል ብለን ይህን ብንሸሽግ፥ እኛም የሚጠቅመንን ብቻ መርጠን ጻፍን ማለት ነው፤ ከሰላዩም በምን እንሻላለን?

እኔ በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ለዕጩ መምህራን አራት ጥያቄ እሰጣለሁ። ጸሓፊው ማን ነው? ለማን ጻፈ? ማን ነገረው? ቃሉ ያልተሰማውስ ማን ነው? አራተኛው ጥያቄ ሁልጊዜ ያስቸግራቸዋል፤ መልሱ በወረቀቱ ላይ አይገኝምና። ስለዚህ ከሽማግሌዎች ዘንድ ሄደው እንዲጠይቁ እመክራቸዋለሁ። የጠረፉ ሹም የጕድጓዱን ጥልቀት ለክቶ ጽፏል። በቦረና ግን የውኃውን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ፤ ዛሬ የማን ከብት፥ ነገ የማን እንደሚጠጣ ሥርዓቱን የሚያውቅ እርሱ ነው። ጥልቀቱን ያወቀ ሰው ሥርዓቱን ካላወቀ ጕድጓዱን አወቀ አይባልም።

ክቡራን ሆይ፤ በሞያሌ ወሰኑ በከተማይቱ መካከል ያልፋል። በግራና በቀኙ ያሉት ልጆች ስለ አንድ ጕድጓድ ሁለት ታሪክ ተምረው ቢያድጉ፥ ነገ በዚያ ጕድጓድ አፍ ሲገናኙ የሚነጋገሩት እንደ ተማሩት ነው። ስለዚህ የሁለቱ አገር መምህራን መዝገቡን አብረን እንድናነብ፥ ሽማግሌዎቹንም ሳያልፉ አብረን እንድንጠይቅ አደራ እላለሁ። ስለ ምድራቸው ሌላ ሰው እስኪጽፍላቸው የሚጠብቁ ሕዝቦች፥ ወሰናቸውንም ሌላ ሰው እንዳሠመረላቸው አይተናል።