«ማን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ ማኅበር

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለጠቅላላ ጉባኤው የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣



ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሠራጨ፣ ስንት ኩንታል ስንዴና ገብስ ለገበያ እንደቀረበ ቦርዱ በሪፖርቱ ገልጾልናል። እኔ የምናገረው በሠንጠረዥ ውስጥ ስለማይገባ አንድ ጉዳይ ነው። አባላችን ክፉ ዘመን ሲመጣበት ምን ይዞት ይቆማል? በዚያን ጊዜስ ማኅበሩ ለእሱ ምኑ ነው? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

የአርሲ ደጋ ሰው ክረምትን ያውቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ ጭላሎና ገለማ ጉም ለብሰው ሲሰነብቱ ማሳው አረንጓዴ ነው፤ ጎተራው ግን ባዶ ነው። የዘርና የማዳበሪያ ዕዳ አለ፤ የልጆች ደብተርና ልብስ ይጠብቃል፤ እህሉም ከገበያ በውድ ይገዛል። ቢሆንም ይህ ክረምት ቀን አለው። መስከረም እንደሚጠባ፣ ገብሱ እንደሚቀድም፣ ስንዴውም እንደሚከተል ስለምናውቅ እንችለዋለን። የሚከብደው ቀን የሌለው ክረምት ነው። የትዳር ጓደኛ ሲሞት፣ ልጅ ሲታመም፣ ውርጭ ባቄላውን በአንድ ሌሊት ሲያቃጥለው፣ ዋግ ስንዴውን ሲጨርሰው፣ ያ ክረምት መቼ እንደሚወጣ የሚነግረን የለም።

አካባቢያችን እንዲህ ያሉ ክረምቶችን አይቷል። በ1960 ዓ.ም. ካዱ ብለን የምንጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት ድጋፍ አሰላን ማዕከል አድርጎ ሥራ ሲጀምር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ደረሰ። ምርትም አደገ። ነገር ግን ባለመሬቶች ትራክተር ሲያስገቡ ብዙ ጭሰኛ ዘመኑን ሁሉ ካረሰው መሬት ተነሣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ያው ዕድገት ለአንዱ በጋ ሲሆን ለሌላው ክረምት ነበር። ከዚህ የምንማረው ምርት ሲያድግ ሰው ሊወድቅ እንደሚችል ነው። በመሆኑም የኩንታሉን ቁጥር ብቻ ማየት አይበቃም።

ስለ ዋግም እንደዚሁ ማንሳት ይቻላል። በ1980ዎቹ አጋማሽ እንኮይ የተባለው ስንዴ በግንድ ዋግ ተመታ። በ2003 ዓ.ም. የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ገለማን አጠቃ። ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ብለን የተማመንበት ዲገሉ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በግንድ ዋግ ወደቀ። ፍሬ ይይዛል የተባለው ዛላ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ገበሬው ምን እንደሚሰማው እዚህ ለተቀመጠ ሰው አስረጂ አያስፈልግም።

እነዚያን ዓመታት ያለፍነው ማንም ብቻውን ሆኖ አይደለም። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠገባችን ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሌላ ዝርያ ፍለጋውን አላቋረጠም። ቀቀባና ዳንዳአ ከተለቀቁ በኋላ በምርምሩ፣ በዘር አባዢ ድርጅቶች፣ በማኅበራትና በገበሬው ማሳ ተባዝተው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። ጥቂት ኪሎ ያገኘ ለጎረቤቱ አካፈለ። ተስፋ የሚባለው ነገር ያን ጊዜ በጆንያ ውስጥ ያለ ዘር ነበር፤ ያመጣውም ሰው ነበር።

ዋግ ያስተማረን ሌላም ነገር አለ። ዋግ በነፋስ ይጓዛል። ምልክቱን በማሳው ያየ ገበሬ ቶሎ ከተናገረ ጎረቤቱ ቀድሞ ይረጫል፤ የልማት ሠራተኛውም ይደርሳል። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ዝም ካለ ግን ጉዳቱ የሠፈሩ ሁሉ ይሆናል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው በሰው ኑሮም እንዲሁ ነው።

በዚያው በ2006 ዓ.ም. በእኛ ቀበሌ የሆነውን ልንገራችሁ። ዲገሉ ዘርተው ከነበሩት አባላት አንዱ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ማሳቸው በዋግ ሲያልቅ ከጥማድ በሬያቸው አንዱን ሸጠው የማዳበሪያውን ዕዳ ከፈሉ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ መምጣት ተዉ። ገበያም አይታዩም። ሰው ሲጠይቃቸው «ደህና ነኝ» ይላሉ። ዕዳቸውን ስለከፈሉ በመዝገባችን ላይ ምንም ጉድለት አልነበረባቸውም፤ መዝገቡ ደህና ናቸው ይላል።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር አንድ ወጣት ጎረቤታቸው በጠዋት በራቸው ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ የእኔ በሬ አንድ ነው፤ የእርስዎም አንድ ነው። እናቀናጃቸውና ተራ በተራ እንረስ። እርስዎ ካልረዱኝ መሬቴ ጦም ያድራል» አላቸው። ሽማግሌው ወጡ። መጀመሪያ የወጣቱን፣ ቀጥሎ የራሳቸውን መሬት አረሱ። በሰኔ ስብሰባ ላይ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር።

ልብ በሉ፤ ወጣቱ ምጽዋት ይዞ አልሄደም። «ያስፈልጉኛል» ብሎ ነው የሄደው። የወደቀ ሰው ከእህሉ በፊት የሚጎድለው ይህ ነው፤ ለሌላው የሚያስፈልግ ሰው መሆኑን የሚነግረው ያጣል። መቀናጆ ለሁለት ሰዎች ጥማድ በሬ ይሰጣል፤ ለሽማግሌው ግን ከበሬው የበለጠ ነገር ሰጥቷል።

እንግዲህ «ለዚህ እድር አለን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አለን። ደቦ አለን። ያለው ለተጎዳው የሚያዋጣበት የቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት ከአባቶች የወረስነው ሲሆን በቅርብ ዓመታትም በክልል ደረጃ በተቋም ተደራጅቷል። የተበደለች ሴት ስትኖር እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ተጠራርተው ይወጣሉ። ይህ ሁሉ ሀብታችን ነው። ነገር ግን እድር የሚጠራው በጡሩምባ ነው። ሞት ጡሩምባ ይነፋለታል፤ ዕዳ ግን አይነፋለትም። ድንኳኑ ከተነሣ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት ማዳበሪያ የምትወስድበት ቀን ይመጣል። የሚከብዳት ያን ጊዜ ነው። ማኅበራችን የሚያስፈልገውም እዚያ ላይ ነው።

የኅብረት ሥራ ታሪክም የሚነግረን ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ተሰባስበው ትንሽ ሱቅ ሲከፍቱ ከሚሸጡት ውስጥ ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር ነበሩበት። ኑሮ የከበዳቸው ሠራተኞች ነበሩ። የዛሬው የዓለም የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ መነሻው ይኸው የክፉ ቀን መተጋገዝ ነው።

በእኛም አገር የተቃራኒውን ትምህርት አይተናል። በደርግ ዘመን ብዙ ማኅበራት በፈቃድ ሳይሆን በግዴታ ተቋቋሙ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የአምራች ማኅበራት አብዛኞቹ ፈረሱ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም የበርካታ አገልግሎት ማኅበራት መጋዘኖች ተዘረፉ። ገበሬው የእኔ ነው ያላለውን ማኅበር በክፉ ቀን አልጠበቀውም። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ አደረጃጀት እንደገና ሲጀመር፣ ዛሬም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ስንሠራ፣ ይህን መርሳት የለብንም። ማኅበሩ በአባሉ ክፉ ቀን ካልተገኘ አባሉም በማኅበሩ ክፉ ቀን አይገኝም።

የበቆጂዋን ልጅ ደራርቱ ቱሉን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካገኘች በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. በኒውዮርክ ማራቶን ደግሞ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን አሟት ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ ዞራ እያየች አበረታታቻት። ውድድሩ ገና አላለቀም ነበር። በዚያን ቀን ያሸነፈችውም ደራርቱ ናት። ዞሮ ማየት ከድል አላስቀራትም። እኛም «ትርፋችን ይቀንሳል፣ ሥራችን ይጓተታል» ብለን የቀረውን ሰው ሳናይ ማለፍ አይገባንም።

በመሆኑም ለጉባኤው ጥቂት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ስብሰባ ሲከፈት ከመጡት ይልቅ የቀሩት ይቆጠሩ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ የቀረ አባል ካለ ሁለት ሰዎች ቤቱ ይሂዱ። የሚሄዱት ዕዳ ሊጠይቁ አይሁን፤ ደህንነቱን ሊጠይቁ ይሁን። ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ለሴት የሚነገር ለወንድ የማይነገር ነገር አለና።

ሁለተኛ፣ አባል ሲሞት የማኅበሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ቤተሰቡ ዘንድ ይሂድ። በሕጉ የሟች ዕጣ አባል ለመሆን ለሚፈልግ ወራሽ ሊተላለፍ እንደሚችል ያስረዳ። ስሟ በመዝገብ ላይ ስላልነበረ ብቻ ባሏ የሞተባት እናት ከማኅበሩ እንዳትጠፋ። ማኅበሩን ያቆመው የእሷም ላብ ነው።

ሦስተኛ፣ ሰብሉ የተበላሸበት አባል በሬውን ሳይሸጥ ይምጣና ይናገር። ማኅበሩም ዕዳው ወደ ሚቀጥለው ምርት ስለሚተላለፍበት መንገድ አስቀድሞ ይወስን። ይህ ውሳኔ በመተዳደሪያ ደንብ ላይ ከሰፈረ የማንም ችሮታ አይሆንም፤ መብት ይሆናል።

አራተኛ፣ ከሐዘን በኋላ ለብዙ ወራት እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ፣ መኖር የሰለቸው ሰው ካለ «ያልፍለታል» ብለን አንተወው። ጸሎትም ምክርም እንዳለ ሆኖ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታውቀው፤ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ አሰላ ሆስፒታል አብሮት የሚሄድ ሰው ይመደብለት። እግሩ የተሰበረን ሰው ተሸክመን እንደምንወስደው ሁሉ ልቡ የተሰበረውንም እንውሰደው።

ለተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። ማዳበሪያና ዘር በወቅቱ ሲደርስ የሚደርሰው ግብዓት ብቻ አይደለም፤ ገበሬው አለመረሳቱን የሚያውቀው በዚያ ነው። ሲዘገይም ምክንያቱን መጥታችሁ ንገሩን። እውነቱ የተነገረው ሰው ይታገሣል።

አባቶቼና እናቶቼ፣ እነዚህ ሐሳቦች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት እግርና ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዚህ አዳራሽ ስንገናኝ ከኩንታሉ ቁጥር ቀጥሎ «ዘንድሮ ቀርተው የነበሩ፣ ሄደን የጠየቅናቸውና የተመለሱ አባላት» የሚል አንድ መስመር ከሪፖርቱ ላይ እንዲነበብልን እጠይቃለሁ።

ዝናቡ በወቅቱ ይዝነብ፤ ዋጉን ይያዝልን፤ ልጆቻችንን ያሳድግልን።