ዕርዳታው እስከ ማዕድ ይድረስ
(በሠፈራ ጣቢያዎች የምግብ ንጽሕናን ስለ መጠበቅ ለዕርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በድርቅ ለተጎዳ ወገን የሚደረግ ዕርዳታ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ከመጋዘን በወጣው የእህል ኩንታል ነው። ይሁን እንጂ እህሉ ሕይወት የሚያድነው በንጹሕ እጅ ተዘጋጅቶና በሚገባ በስሎ ሲበላ ነው። በ1977 ዓ.ም. በኮረም፣ በባቲና በመቀሌ መጠለያዎች ከረሃቡ ጋር ተባብረው ሕዝቡን ከፈጁት መካከል ተቅማጥና ኩፍኝ እንደሚገኙ አይዘነጋም። ጤነኛ ሰው የሚቋቋመው ተቅማጥ፣ በምግብ እጥረት ሰውነቱ ለደከመ ሕፃን የሞት ምክንያት ይሆናል። ተቅማጡም በተራው የሕፃኑን ጉስቁልና ያባብሳል።

ከበሽታው ምንጮች መካከል በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። ከዓይነ ምድር ተነሥተው በእጅ፣ በዝንብና በውሃ አማካይነት ወደ ምግብ ይገባሉ። ምቹ ሙቀት ካገኙ አንዳንዶቹ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። በዚህ ስሌት አንዲት ባክቴሪያ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ትሆናለች።

ይህ ጉዳይ ሠፋሪዎችን በተለይ ይመለከታል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ ደጋ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ቆላ የወረደው ቤተሰብ የደጋውን የቤት አያያዝ ይዞ ነበር የወረደው። በደጋ ብርድ ሳይበላሽ የሚያድር ገንፎ በቆላ ሙቀት ሽታውም ጣዕሙም ሳይለወጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል። እናቲቱ አሽትታና ቀምሳ ብትሰጥም ስንፍና አይደለም፤ የምታውቀው መለኪያ በአዲሱ አገር አልሠራላትም። እንጀራ ሊጡ ስለሚቦካ ኮምጣጣነቱ የብዙ ባክቴሪያዎችን መራባት ይገታል። ገንፎ፣ አጥሚትና ፋፋ ግን ይህ መከላከያ የላቸውም። ስለዚህ የሕፃን ምግብ በሚበላው ልክ ይሠራ፤ ከተሠራ በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ብዙ ሰዓት የቆየውን ማሞቅ ሁልጊዜ አያድነውም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በሙቀት አይጠፋምና። ወተት ሳይፈላ አይጠጣ። በድርቅ ታሞ የሞተ ከብት አባ ሰንጋ ሊኖርበት ስለሚችል አይገፈፍ፣ አይበላ።

ውሃን በተመለከተ የማላዊ ተሞክሮ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1993 የሞዛምቢክ ስደተኞች በሠፈሩበት ጣቢያ በተደረገ ጥናት ከጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳው ውሃ በየቤቱ ባልዲ ውስጥ በእጅ ሲነካ ይበከል ነበር። ክዳንና መቅጃ አፍ ያለው፣ እጅ የማያስገባ ባልዲ በተሰጣቸው ቤቶች ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ተቅማጥ በ31 በመቶ ቀነሰ። ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ ነበር፤ የተለወጠው ዕቃው ብቻ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ምክር ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ማገዶ የሌላትን እናት «አፍይ»፣ ሳሙና የሌላትን «ታጠቢ» ማለት ፍሬ የለውም። ደረቅ ባቄላና ያልተፈጨ በቆሎ ሲታደል ለማብሰያው የሚፈጀው እንጨትና ወፍጮው አብረው መታሰብ አለባቸው። ሳሙና፣ አፉ ጠባብ ክዳን ያለው የውሃ ዕቃና ማገዶ በእህሉ መዝገብ ላይ አብረው ይጻፉ። ሳሙናው እስኪደርስ ንጹሕ አመድ ለእጅ መታጠቢያ ያገለግላል።

ተቅማጥ ለጀመረው ሕፃን ተዘጋጅቶ የሚታደለው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከሌለ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም በልኩ ተስተካክሎ ተበጥብጦ ይሰጠው፤ ጡቱም ምግቡም አይቋረጥ። ሰገራው ደም ከቀላቀለ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እንግዲህ በየጣቢያው ያለ ኃላፊ የእህሉን መድረስ ሲያረጋግጥ፣ ወደ ጥቂት ጎጆዎች ጎራ ብሎ የውሃ ዕቃውን፣ የእሳቱን ሁኔታና ያደረውን ምግብ ይመልከት። በሪፖርቱም ላይ ከኩንታሉ ቁጥር ቀጥሎ ይህንኑ ያስፍር።