በረጅም መንገድ ቅዝቃዜን ስለ መጠበቅ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ምግብ፣ መጠጥና ክትባት በረጅም መንገድ ላይ ሳይበላሹ እንዴት ይደርሳሉ የሚል ነው። እኔም ነገሩን በማውቀው አገር፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ፣ ይልቁንም በሀብሩ ወረዳ ላይ ተመሥርቼ ልናገር እወዳለሁ።

መንገዱ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከርዝመቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን መውጣት መውረዱ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ካፖርት የደረበ መንገደኛ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ያወልቀዋል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ይጣበቃል። ከከሚሴ ቆላ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ደጋ ይወጣል። ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ውርጌሳና መርሳ ሲገባ ሙቀቱ እንደ ገና ይቀበለዋል። ከመርሳ በሲሪንቃ በኩል እስከ ወልድያ የሚቀረው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ማለዳ አዲስ አበባ ላይ የተጫነ ዕቃ ሁሉ ከመድረሱ በፊት ደጋውንም ቆላውንም ሁለት ሁለት ጊዜ ያያል ማለት ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ፣ ለስንቅ የሚመርጡት ቅዝቃዜ የማይሻውን ነበር። በሶው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው፣ ዳቦ ቆሎው ሁሉ ውሃው የወጣለት ነው፤ ተሐዋስያን ደግሞ ያለ ውሃ ሊባዙ አይችሉም። የዛሬ መንገደኛ ግን ወጡን በሳሕን፣ ወተቱን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ይጓዛል። የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ሕዝቡን የምናስተምር እኛው፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ የዋለ ወጥ ውርጌሳ ላይ ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ስንበላ ያየን ሰው ምን ይለን ይሆን?

በመጠጥ ረገድ ሾፌሮቻችን ከእኛ ይሻላሉ። የውሃውን ጄሪካን በጆንያ ይጠቀልሉታል፤ ጆንያውን በውሃ አርሰው ነፋስ ከሚያገኝበት ቦታ ያስሩታል። አንድ ግራም በረዶ በሚቀልጥበት ጊዜ 80 ካሎሪ ያህል ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል። አንድ ግራም ውሃ በሚተንበት ጊዜ ግን የሚወስደው 580 ካሎሪ ገደማ ነው። እንስራ ሲያልበው በውስጡ ያለው ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ሕግ ነው። ዘዴው በሀብሩ ቆላ በበጋ አየሩ ደረቅ ሲሆን ግሩም ሆኖ ይሠራል፤ በክረምት ጭጋግ ውስጥ እምብዛም አይረዳም። የሆነ ሆኖ ለመጠጥ ይበቃል እንጂ ለክትባት አይሆንም፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ስላለበት አይስ ፓክ የተደረደረበት ሳጥን ያስፈልገዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ እኔ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ከመርሳ በስተምሥራቅ ወደ አፋር አዋሳኝ ወደሚወርደው ቆላ ለክትባት ተላክሁ። ፍሪጁ በላምባ የሚሠራ ነበር። አይስ ፓኮቹን እንደ ድንጋይ እንደ ደረቁ አውጥቼ በሳጥኑ ዙሪያ ደረደርኋቸው፤ ብልቃጦቹን ከእነርሱ ጋር አጣብቄ አስቀመጥኋቸው። በተረፈው ቦታ ምሳችንንና ሁለት ጠርሙስ ውሃ ጨመርሁ። ሳጥኑን በበቅሎ ጭነን ወረድን። በየመንገዱ ውሃ ለመጠጣት ክዳኑን ስንት ጊዜ እንደ ከፈትን አልቈጠርሁም። ይህ አንደኛው ጥፋት ነው፤ ነገር ግን ከሁለተኛው ያንሳል።

እኩለ ቀን ላይ አንደኛውን ጠርሙስ ስናወጣ በጎኑ ላይ ስስ በረዶ ሠርቶ አገኘነው። በዚያ ሐሩር! እልል ለማለት ምንም አልቀረንም። አብሮኝ የነበረው አዛውንት ዘበኛ «አብሽር፣ ሳጥንህ ጎበዝ ነው» አለኝ፤ እኔም ኮራሁ። በረዶ የሠራው ጠርሙስ አጠገብ ስለ ነበረው የዲፒቲ ብልቃጥ ግን ማንም አልጠየቀም። ከሰዓት በኋላ ከዚያው ብልቃጥ እየቀዳሁ ሕፃናቱን ወጋሁ፤ በካርዳቸውም ላይ ቀኑን ጻፍሁ።

ያልተበጠበጠ የኩፍኝ ክትባትንና በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት በረዶ መሆን አይጎዳቸውም። የትክትክን፣ የዘጊ አነዳንና የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት ግን ያበላሻቸዋል። በውስጣቸው ያለው የአሉሚኒየም ውሁድ በረዶ ሲነካው ይጓጉላል፤ ክትባቱ ኃይሉን ያጣል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው ፔንታቫለንትም እንደዚሁ ነው። ከሁሉ የሚከፋው በዐይን አለመለየቱ ነው። ዛሬ በየብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ሙቀት ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ብርድን ግን አይመዘግብም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ በአንድ ሥልጠና ላይ ነው። የዚያን ቀን ልጆች ዛሬ የልጅ አባትና እናት ሆነዋል። የተወጉት ክትባት ሕያው ይሁን የሞተ እኔ አላውቅም፤ ካርዱ ግን «ተከትቧል» ይላል።

መድኃኒቱ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አይስ ፓኩ ከፍሪዘር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሲወዘወዝ ውስጡ ውሃ መንሿሿቱ እስኪሰማ ይጠበቃል። ውሃው ከተሰማ 0 ዲግሪ ደርሷልና ብልቃጡን በረዶ አያደርገውም። እንደ ቀኑ ሙቀት ግማሽ ሰዓትም፣ ከዚያ በላይም ሊፈጅ ይችላል። ችግሩ ማለዳ በቅሎው ተጭኖ፣ ሰው ሁሉ «እንሂድ፣ ፀሐይ ሳይወጣ» እያለ ሲቸኩል ያን ግማሽ ሰዓት ማን ይሰጣል የሚለው ነው። ብርዱን የሚከላከሉ አዳዲስ ሳጥኖች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተሠርተዋል፤ በየቦታው እስኪዳረሱ ግን ሥራው በጆሮአችን ላይ ይቀራል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ በቆዩባቸው ወራት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ መብራትም ተቋርጦ ነበር። ፍሪጅ ሲጠፋ ክትባት ከሩቅ መምጣት አለበት፤ መንገዱም ይረዝማል። መንገዱ በረዘመ ቍጥር፣ ሙቀቱን የፈራ ሰው አይስ ፓኩን ይበልጥ እያደረቀ ይጭናል።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር በዚያው ቆላ ጠርዝ አንዲት ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለጉዞ ስትዘጋጅ አገኘኋት። አይስ ፓኮቹን አንድ በአንድ ከጆሮዋ አስጠግታ እየወዘወዘች ታዳምጣለች። ሦስቱን ወደ ሳጥኑ አስገባች፤ አራተኛውን ወደ ጠረጴዛው መለሰችው። እኔ ከመኪና ወርጄ ጕሮሮዬ ደርቆ ነበርና የፕላስቲክ ጠርሙሴን አቅርቤ «እስቲ ይችን ለጥቂት ጊዜ ከዚያው አስቀምጪልኝ» አልኋት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ፤ «ውሃ ከፈለጉ ከደጅ፣ ከጥላው ሥር አለልዎ።»

ወጥቼ አየሁ፤ ባረሰ ጆንያ የተጠቀለለ ጄሪካን ነበር። ቀድቼ ጠጣሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር።