መሐል ሜዳው ሲሳሳ
(በዘንገና ለአካባቢያችን ነዋሪዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት የሰፈራችን ቡድን በመጪው እሑድ ከጎረቤት ሰፈር ጋር ይጋጠማል። ይሁን እንጂ ሁለቱ የመሐል ሜዳ ልጆቻችን አይሰለፉም። አንደኛው ጉልበቱን ተጎድቷል፤ ሁለተኛው በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ለአንድ ጨዋታ ታግዷል። ከዚህም የተነሳ በየቤቱ ቡና ላይ ሁለት ዓይነት ወሬ እንሰማለን። «አለቀልን፣ ባንጫወት ይሻላል» የሚሉ አሉ። «ማን ያውቅብናል፣ የታገደውንም እናሰልፈው» የሚሉም አልጠፉም። እኛ የስፖርት ኮሚቴ አባላት ሁለቱንም አንቀበልም። ምክንያታችንንም እንደሚከተለው እናስረዳለን።

በመጀመሪያ፣ አማካይ ተጫዋች ሥራው ምንድን ነው? ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ቋሚው ቢተከልም ማገር ካልታሰረበት ግድግዳው አይጸናም። አማካይ ማለት ማገር ነው። ከተከላካይ ኳስ ይቀበላል፣ ዞሮ ያያል፣ ለአጥቂ ያደርሳል። ኳስ ስንነጠቅ ደግሞ የመጀመሪያው አጥር እሱ ነው። እሱ ሲጎድል ተከላካያችን የሚያቀብለው ሰው ስለሚያጣ ኳሷን ወደ ሰማይ ይጠልዛታል። አጥቂያችን ብቻውን ከሁለት ሰው ጋር ይታገላል። ኳሷም ወዲያው ትመለስብናለች። እንግዲህ በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ጎል ሲገባብን «ተከላካዩ ሰነፈ» እንላለን እንጂ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የተበላሸው ቀደም ብሎ መሐል ሜዳ ላይ ነው።

ይህ በታላላቆቹም ላይ ደርሷል። በ1994 ዓ.ም. በተደረገው የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የጀርመኑ አማካይ ሚካኤል ባላክ ቢጫ ካርድ አይቶ ከፍጻሜው መቅረቱ ከታወቀ በኋላ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ደቡብ ኮሪያ ላይ የማሸነፊያዋን ጎል አገባ። በፍጻሜው ጀርመን ያለ እሱ ተሰልፋ በብራዚል 2 ለ 0 ተሸነፈች። ያለ እሱ ተጋጥማ እስከ ሁለተኛው አጋማሽ ድረስ ጎል ሳይገባባት መቆየቷን ግን አንርሳ። ሰው ጎደለ ማለት አለቀ ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከአሰልጣኙ ጋር የተስማማንበት ይህ ነው። አንደኛ፣ ከሁለቱ አጥቂዎች አንዱ ወደ ኋላ ይሳብና አሰላለፉ ከ4-4-2 ወደ 4-5-1 ይለወጣል። ጎል የማግባት ዕድላችን ይቀንሳል፤ መሐሉ ግን ባዶ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ተከላካዩ ወደፊት፣ አጥቂው ወደ ኋላ ተጠጋግተው ይጫወታሉ፤ ርቀቱ ሲያጥር ሩጫው ይቀንሳል። ከተከላካዮች ጀርባ ክፍት ቦታ ስለሚተርፍ በረኛው ከግቡ ወጣ እያለ ይጠብቅ። ሦስተኛ፣ የሁለቱን ልጆች ሥራ በአንድ ተተኪ ትከሻ ላይ አንጭንም። አንዱ ከተከላካዮች ፊት ይቆማል፤ ኳስ ይዞ መውጣቱን ሌሎቹ ይካፈሉታል። ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ከጨቀየ ደግሞ አጭር ቅብብል ጭቃ ውስጥ ይቀራልና ያን ጊዜ በክንፍ በኩል መጫወት ይሻላል።

የታገደውን ልጅ ስለማሰለፍ ግን እስቲ የራሳችንን ብሔራዊ ቡድን እናስታውስ። አማካዩ ምንያህል ተሾመ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከደቡብ አፍሪካና ከቦትስዋና ጋር በተደረጉ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ስላየ ቀጣዩ ጨዋታ ሊያልፈው ይገባ ነበር። ሆኖም ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቦትስዋና ጋር በሜዳዋ ስንጫወት ተሰለፈ። 2 ለ 1 አሸነፍን። ሰኔ 9 ቀንም ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ስንረታ አገሩ በሙሉ በደስታ ሰከረ። ደስታው ግን አልሰነበተም። ፊፋ የቦትስዋናውን ጨዋታ 3 ለ 0 ተሸናፊ አደረገን፤ 13 የነበረው ነጥባችን 10 ሆነ። ካርድ ቆጥሮ የሚይዝ ሰው በመጥፋቱ ሜዳ ላይ የተለፋበት ሦስት ነጥብ በወረቀት ሄደ። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ባናልፍ ኖሮ የዚያ ሁሉ ልጅ ድካም ከንቱ በቀረ ነበር። ያ ስህተት ነበር። እኛ ግን እያወቅን ብናደርገው ማታለል ይሆናል።

ስለዚህም ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የተጎዳውን ልጅ «ትንሽ ታገስና ግባ» የሚል ሰው እንዳይኖር፤ ጉልበቱ የእርሻውም የኑሮውም ጉልበት ነው። በእነሱ ቦታ የሚገቡትን ለጋ ልጆች ከሜዳው ዳር ሆናችሁ አትስደቡብን፤ የመጀመሪያው ኳስ ቢበላሽባቸውም አበረታቷቸው። ከእንግዲህም የካርድ መዝገብ የሚይዝ አንድ ሰው ከመካከላችሁ ምረጡልን።

ብንሸነፍ በራሳችን ልጆች፣ በግልጽ እንሸነፋለን። እሑድ ሜዳ እንገናኝ።

የስፖርት ኮሚቴው