የወተት ጥርስና የመድን ደብተር
በአዲስ ቅዳም ከተማ ልጅ ጥርሱን ሲያመው ወላጅ ቀድሞ የሚያሰላው ገንዘቡን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያለው ቤተሰብ ግን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ሆስፒታል ቢሄድ ወጪው ይቀልለታል፤ ሪፈሩን ዘሎ የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። መዋጮውን ለማይችል ደሃ ቤተሰብ ደግሞ፣ በቀበሌው ከተመረጠ፣ መንግሥት ይሸፍንለታል። መድኑ ሁሉንም አይሸፍንም፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለምሳሌ ከጥቅሉ ውጭ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ሳይጠፋ ቀድሞ መሄድ ያዋጣል።

«ለሚወልቅ የወተት ጥርስ ምን አደከመን?» የሚል አይጠፋም። በ6 ዓመት ግድም ግን ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ አንድም ሳይወልቅ፣ ቋሚ መንጋጋ ብቅ ይላል፤ ብዙ ወላጅ የወተት ይመስለዋል። የወተት መንጋጋም ቢሆን እስከ 10–12 ዓመት ያገለግላል። ጥርሱ ላይ ከድድ አጠገብ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ከታየ መበስበስ ጀምሯል፤ እዚህ ደረጃ ላይ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ሊገታው ይችላል። ከተቦረቦረም ያለ መሰርሰሪያና ያለ መብራት፣ በእጅ መሣሪያ ተጠርጎ የሚሞላበት ዘዴ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሙያውን እ.ኤ.አ. በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ባለሙያውና መሙያው በሆስፒታሉ መኖራቸውን ሪፈር የሚጽፈውን ሰው ቀድሞ መጠየቅ ግን የመኪና ሒሳብ ያድናል።